በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና፣ «መምህር፣ እውነት በዚህ አገር ውጤቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ምርጫ ተደርጎ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ በ1997 ዓ.ም. ገና አልተወለደም ነበር፤ እኔ ግን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። «አዎን፣ አንድ ጊዜ» ብዬው አለፍሁ። የመልሴ ማጠር ሲከነክነኝ ሰነበተ። እነሆ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስለት ብዕሬን አነሣሁ። ስለ ፓርቲዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ከመሪዎቹም የየራሳቸውን መጽሐፍ ያሳተሙ አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ በር፣ በበሩ ላይ ስለ ተለጠፈ ወረቀትና ስለ እናቴ ነው።

እናቴ ወረቀት ትፈራለች። በትክክል ለመናገር፣ የሰው ስም የተዘረዘረበትን ወረቀት ትፈራለች። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሟን ከቤት የወሰዱት ሰዎች የስም ዝርዝር በእጃቸው ይዘው ነበር። አጎቴ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ለዕድርም ይሁን ለስኳር ራሽን፣ ስሟን አስመዝግቢ በተባለች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። ስለዚህ በ1997 የምርጫ ምዝገባ ሲጀመር፣ «እኔን ተዉኝ፤ ስሜን በወረቀት ያሰፈረ ሁሉ ኋላ ይፈልገኛል» አለችን።

ልቧን ያላላው የቴሌቪዥኑ ክርክር ነው። ከዚያ በፊት ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ሲናገር እንጂ ሲጠየቅ አይተን አናውቅም ነበር። በክርክሩ ምሽት ቴሌቪዥን የሌላቸው ጎረቤቶች እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ እናቴም ቡና ታፈላለች። አንድ ምሽት ከተቃዋሚዎቹ ወገን የሆነ ተከራካሪ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት፣ «ይህ የተናገሩት ትክክል አይደለም» አላቸው። እናቴ ሲኒውን እንደ ያዘች ዞር ብላ የቤታችንን በር ተመለከተች። የሚመጣ ሰው ያለ መስሏት ነው። ማንም አልመጣም። ተከራካሪውም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ በቴሌቪዥኑ ታየ። በማግሥቱ ጠዋት፣ «እስቲ ያ የምርጫ ካርድ የሚሉት የት ነው የሚሰጠው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደስ አለኝ፤ ለካስ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ተጠያቂነት በዚያች ቅጽበት ነው የተሸከምሁት። «እማዬ፣ ምስጢር እኮ ነው። ማንን እንደ መረጥሽ የሚያውቅ ሰው የለም» እያልሁ እስከ መዝገቡ ድረስ እጇን ይዤ የወሰድኋት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በደጋፊ ሞላው። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ ቅንጅት ያንኑ አደባባይ እስከ ዳርቻው ሞላው። ከግቢያችን ቅዳሜ ዕለት ከቀበሌ በታደለ ካናቴራ ወጥቶ፣ እሑድ ዕለት በራሱ ሸሚዝ ሁለት ጣቱን ቀስሮ የወጣ ጎረቤት ነበረን። ሳቅንበት። በሳቃችን ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለመሆኑ ይህ ሰው እውነተኛ ልቡ ያለው በየትኛው ልብስ ውስጥ ነው? የእኛስ?

ግንቦት 7 ቀን እሑድ፣ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ላይ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወጣን። ሰልፉ አዳራሹን ዞሮ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። ቀድመን የመጣን መስሎን ነበርና አፈርን። ፀሐዩ ሲበረታ ሰዎች ጃንጥላቸውን ለማያውቁት ሰው አጋሩ። አንዲት ሴት ለእናቴ በርጩማ ከቤቷ አወጣችላት፤ ሰልፉ በተራመደ ቁጥር እኔ በርጩማውን እየተሸከምሁ እከተላታለሁ። ሁለቱን ወረቀቶች፣ የፓርላማውንና የከተማ ምክር ቤቱን፣ በሳጥኑ ስትከትት ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። ስትወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ብቻዬን ነበርሁ። ማንም አላየኝም።»

በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ቀርበው ለአንድ ወር ማንኛውም ሰላማዊ ሰልፍ መከልከሉን፣ የጸጥታ ኃይሎችም በእሳቸው ቀጥተኛ ትእዛዝ ሥር መሆናቸውን አስታወቁ። ቆጠራው ገና አላለቀም ነበር። ያኔ ነው አንድ ያልተጠበቀ ነገር መኖሩን የጠረጠርነው። ወንድሜ ሌላ ሰፈር ካሉ ጓደኞቹ በሞባይሉ የሚደርሱትን አጫጭር መልእክቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብልን አደረ። እኔ ግን አላመንሁም። የሰው ወሬ ነው፤ ምኞት ነው አልሁ።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ በአዳራሹ የቆርቆሮ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ድምፁ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይቆጠርና ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ ነበርና። ብዙ ሰው ተሰብስቧል። የሚገርመው ግን እልልታ አልነበረም፤ ጸጥታ ነበር። ከንቧ ምልክት አንጻር የተጻፈው ቁጥር ጥቂት፣ ከሁለቱ ጣቶች አንጻር የተጻፈው ብዙ ነበር። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ያነብና ቀና ብሎ የጎረቤቱን ፊት ያነባል። አንተም? አንቺም? እርስዎም? ካናቴራውን ያደሉን የቀበሌው ሰው፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ መጡ። መንገድ ለቀቅንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ከዚያም መሀረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳል ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ደርሳለች። «የእኔ የትኛው ነው?» አለችኝ። «አይለይም እማዬ፤ ከሌላው ሰው ጋር ተደምሯል» አልኋት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ፈለገችና፣ «ስም የለበትም?» አለች። «የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው።» «እንዲህ ያለውስ ወረቀት መልካም ነው» አለች።

በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ከነበሩት 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ቅንጅት 23ቱን፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ብዙ ውዝግብና አቤቱታ ካለፈ በኋላ የታወጀው ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 መቀመጫ ሰጠ። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ። ጥቅምት 22 ቀን 1998 የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ለቀናት ቀጠለ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሁለቱ ዙር 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በይቅርታ የተፈቱት በሐምሌ 1999 ነው። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ውጤት ያነበበበት አጭር የስልክ መልእክት እንኳ ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆየ።

በዚያው በጥቅምት ወር መጨረሻ ታጣቂዎች ሌሊት ቤታችንን አንኳኩ። ወንድሜን በለበሰው ልብስ ወሰዱት። ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ አልመለሱም፤ ወጣት መሆኑ በቅቷቸዋል። አንድ ወር ያህል ያለበትን ሳናውቅ ቆየን። ሲመለስ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ከከተማ ርቆ ከሚገኝ ካምፕ መጣ። ስላየው ነገር እስከ ዛሬ አይናገርም። እናቴ በዚያ አንድ ወር ውስጥ «አላልሁህም?» ብትለኝ ኖሮ ይቀልልኝ ነበር። አላለችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «እነዚህስ ወረቀት እንኳ አልያዙም» አለች።

የራሴን ድርሻም ልሸሽግ አልፈልግም። በ1998 መባቻ፣ ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር ከተማውን ሲያምስ፣ በየሻይ ቤቱ «አይገቡም!» እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ያ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሰጠንን ከተማ እንኳ ተረክበን ልናስተዳድር ይገባን ነበር እላለሁ። ተኩሱን ያዘዘ ሰው ኃላፊነቱ የራሱ ነው፤ የእኔ ስሕተት የእሱን አያቃልልም። ነገር ግን ድምፄን ሰጥቼ ስመለስ ተራዬን መጠበቅን ለእናቴ እንጂ ለራሴ አላስተማርሁም ነበር።

ያ ድንገተኛ ውጤት ገዥዎቻችንን አንድ ትምህርት አስተማራቸው፤ ዳግመኛ ላለመደንገጥ ወሰኑ። በ2002 ዓ.ም. የቀበሌ ሰዎች ቤታችን መጡ። ደብተር ይዘዋል። በደብተሩ የእናቴ ስም ከሌሎች ጎረቤቶቿ ስም ጋር ተጽፏል። ሄዳ መረጠች። «የፊተኛውን በአንተ ልመና፣ ይኼኛውን በእነሱ ደብተር» አለችኝ። በዚያ ዓመት ከ547 መቀመጫዎች ለተቃዋሚ ፓርቲዎች የቀረው አንድ ነበር። በ2007 ደግሞ እሱም አልቀረም። ያኔም ሰልፍ ነበረ፤ ኮሮጆም ነበረ፤ በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም ነበረ። የጎረቤቱን ፊት የሚያነብ ሰው ግን አልነበረም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ለተደረገው ምርጫ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር። የምርጫ ቦርዱን የምትመራው ብርቱካን ሚደቅሳ መሆኗን ስነግራት፣ «ያች ታስራ የነበረችው?» ብላ ተደነቀች፤ እግዜር ይመስገን አለች። «እንግዲያ ትመርጫለሽ?» አልኋት። ጥቂት አሰበችና መልሳ ጠየቀችኝ፤ «ማን እንደሚያሸንፍ ካሁኑ ይታወቃል?» ልዋሻት አልቻልሁም። «ይመስለኛል» አልሁ። «እንዲያ ከሆነ በርጩማ ተሸክመህ አትድከም» አለችኝ። እኔ ሄጄ ተሰለፍሁ። ብልጽግና ፓርቲ ይፋ በተደረገው ውጤት ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። ከምርጫው በኋላ ወደ ጣቢያው ተመልሼ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብሁ። ከእኔ ሌላ እዚያ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው። «ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አዎን፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ ያውቃል። ማታ ስንተኛ የማናውቀውን ነገር ጠዋት በር ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በሕይወታቸው፣ ወንድሜም እስከ ዛሬ በዝምታው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ማን እንደሚያሸንፍ አትጠይቀኝ። እናቴ የጠየቀችውን ጠይቅ። ካሁኑ ይታወቃል ወይ? የማይታወቅበት ቀን ከመጣ በርጩማውን እኔ እሸከማለሁ።

ቸር ይግጠመን።