በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ጠርሙሶች

ስለ መጠጥ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ከንቱ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ቤት ያየነው፥ ከመጠጥነቱ ይልቅ የፍርድ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ልንተርከው ወደድን።

እኒህ ሁላችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ወዳጃችን በወጣትነታቸው የተማሩት ዲዦን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው የቡርጎኝ ኮረብታ ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን አገር ነውና፥ ጋሼ ስለ ሻርዶኔ ሲያወሩ ስለ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ሊቃውንት ዘሩን መርምረው፥ ከወላጆቹ አንዱ የከበረው ፒኖ፥ ሌላው ግን ገበሬው የናቀው ጉዌ ብላን መሆኑን እንዳረጋገጡ ብናነሣባቸው፥ «ታዲያ ስንቱ ጨዋ ነኝ ባይ ቢመረመር እንዲሁ አይደለም?» ብለው ሳቁ።

በዚያን ዕለት አራት የሻርዶኔ ጠርሙሶች ቀርበው ነበር፤ የሻብሊ፥ የካሊፎርኒያ፥ የዝዋይ፥ አራተኛውም ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር ዲዦንን ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ የገዙትና እሳቸው ካረፉም በኋላ ሳይከፍቱ ያቆዩት የሜርሶ ወይን። የልጅ ልጃቸው ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ቁጥር ጻፈችባቸው። ባለሙያዎች ቀምሰው ይተፋሉ፤ እኛ ግን በሰው ቤት የተሰጠንን መትፋት ነውር ሆኖብን ዋጥነው።

አንደኛውን ሁላችንም ለየነው። ቀጭን፥ ኮምጣጣ፥ ዝናብ የመታው ድንጋይ የሚሸት ነበር። የሻብሊ ወይን አብዛኛው የሚጠመቀው በብረት ጋን ነው፤ ግንዱ የቆመበትም መሬት ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል የነበረ፥ ዛሬም ጥቃቅን ዛጎል የሚለቀምበት የኖራ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው የበሰለ ኮክ የሚሸትና ለጉሮሮ የለሰለሰ ነበርና፥ «የካሊፎርኒያ ነው» ብለን ፈረድን።

ሦስተኛው ሲቀዳ ቤቱን የለጋ ቅቤ ሽታ ሞላው። ይህ ሽታ ምሥጢር አይደለም፤ ጥቃቅን ሕያዋን የፖሙን ዓይነት ኮምጣጣነት ወደ እርጎው ዓይነት ሲለውጡት የሚተርፍ ነው። ከኦክ እንጨት በርሜል ከሚወጣው የቫኒላ ሽታ ጋር ሲዋሐድ የቡርጎኝን ታላላቅ ወይኖች ያስታውሳል። ጋሼ አሸተቱት፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህ የእኛ ነው» አሉ። ማንን ጨምረው «የእኛ» እንዳሉ ስለገባን ዝም አልን።

አራተኛው የዛገ ወርቅ ይመስል ነበር፤ የተላጠና ያደረ ፖም ሸተተን። ጋሼ ከሁላችን ቀድመው፥ «የዝዋዩ ይህ ነው። የቆላ ፀሐይ አቃጥሎታል፤ ድፉት» አሉ። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን።

ጋዜጣው ሲገለጥ ሁለተኛው የዝዋይ፥ ሦስተኛው የካሊፎርኒያ፥ አራተኛው የሜርሶ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ዝዋዩ ማፈር የሚገባን እኛው ነን። ሻብሊ በ48 ዲግሪ ገደማ በበልግ ውርጭ ስትሠጋ፥ ዝዋይ በ8 ዲግሪ ላይ ብትሆንም 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ እንዲህ ባለ ክረምት የማያስተኛው አገር ግንዱን የሚያስተኛው የገበሬው መቀስ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅን «ቆላ» የሚለው ቃል ምላሳችንን ቀደመው። በካሊፎርኒያው መሳታችን ግን እምብዛም አላስደነቀን፤ በ1976 በፓሪስ ስሙ ተሸፍኖባቸው የቀመሱ ፈረንሳውያን ዳኞችም የካሊፎርኒያውን ሻቶ ሞንቴሌናን ከቡርጎኝ ወይኖች አስቀድመውታል።

ጋሼ የሰሙን አልመሰለንም። ከመካከላችን አንዱ ሊያጽናናቸው፥ በ1990ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ከተጠመቁት የቡርጎኝ ነጭ ወይኖች ብዙዎቹ አየር እየገባባቸው ያለ ዕድሜያቸው እንዳረጁ፥ ጥፋቱ የቡሹ ይሁን የመጭመቂያው ባለሙያዎችን እስካሁን እንደሚያከራክር፥ የጠባቂው ግን እንዳልሆነ አስረዳ።

«ባለፈው ፋሲካ እንክፈተው ብላኝ ነበር የምትል ልጅ አለች» አሉ ጋሼ፥ የልጅ ልጃቸውን እያዩ። «ካቻምናም ብላኛለች።»

ልጅቱ ብርጭቆውን ልታነሣ እጇን ብትዘረጋ አልሰጧትም። የሻብሊውንና የዝዋዩን እኛ ጨረስን፤ አራተኛውን ግን ጋሼ ለብቻቸው ቀስ እያሉ ጠጡት።