ሙዚቃ የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት

መጽሐፍ መዋስ ለሁላችንም የተለመደ ነው። ሙዚቃስ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁ ታውቃላችሁ? በሎንዶን ከተማ የሚገኘው የባርቢካን ቤተ መጻሕፍት በዚህ ይታወቃልና ዛሬ ወደዚያ እንውሰዳችሁ።

ባርቢካን ከተባለው የባቡር ጣቢያ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ ግራጫ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1940 መጨረሻ በጦር አውሮፕላን ተደብድቦ የፍርስራሽ ክምር ሆኖ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሠሩበት፤ በ1982 ደግሞ የኪነ ጥበብ ማዕከሉ ተከፈተ። ቤተ መጻሕፍቱ የሚገኘው በዚሁ ማዕከል ውስጥ ነው። የሕፃናት ክፍልም ስላለው እናት ለልጇ ተረት ከመረጠች በኋላ ለራሷ ሙዚቃ ትመርጣለች።

በሙዚቃው ክፍል ሲዲ፣ የሙዚቃ ኖታና ስለ ሙዚቃ የተጻፉ መጻሕፍት በየመደርደሪያው ተደርድረዋል። ከዚህም ሌላ የጆሮ ማዳመጫ ያላቸው የመለማመጃ ፒያኖዎች አሉ። ቤቷ ፒያኖ የሌላት ልጅ ቀጠሮ ይዛ፣ ማንንም ሳትረብሽ ትለማመዳለች።

ሲዲ ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት የሚያውሱት ሸክላ ነበር። ሸክላ ደግሞ እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ ያረጀ መርፌ አንድ ጊዜ ከቧጠጠው ጭረቱ አይጠፋም። በመሆኑም በብዙ ቦታ ተዋሹ የማጫወቻውን መርፌ አምጥቶ በማጉያ መነጽር ያስመረምር ነበር። ሸክላው ሲመለስም ሠራተኛዋ በብርሃን እያገላበጠች አዲስ ጭረት ትፈልጋለች። ይህ ሰውን መጠርጠር አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ተዋሽ ማሰብ ነበር እንጂ። በ1964 የወጣው የአገሪቱ ሕግም መጽሐፍ በነፃ እንዲዋስ ሲያዝ፣ ለሸክላ ግን ክፍያ መጠየቅን ፈቅዷል።

ዛሬ ሙዚቃ በስልክ ስለሚገኝ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሙዚቃ መደርደሪያቸውን አጥፈዋል። ታዲያ የተረፈው ምን ይጠቅማል? ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቀው የስልክ ሙዚቃ ገንዘቡ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ የሚያቀርብላችሁም አብዛኛውን ጊዜ ትናንት የሰማችሁትን የሚመስል ነው። ከመደርደሪያ ፊት የቆመ ልጅ ግን ያልፈለገውን ያገኛል። ለመስማትም የእናቱ ደመወዝ አይወስነውም።

እኛም የመዋዋስን ነገር እናውቀዋለን። ለጎረቤት ያዋስነው ካሴት ክሩ ተተብትቦ ሲመለስ በእስክሪብቶ ያላጠነጠነ ማን አለ? ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። አምኃ እሸቴ በ1969 ካቋቋመው አሳታሚ ድርጅት የወጡትን የመሰሉ ሸክላዎች ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ይኖሩ ይሆናል።

እንግዲህ እናቶችና እህቶች፣ ቤት ስታጸዱ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉ። ሸክላውን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ እንጂ አነባብራችሁ አታስቀምጡት፤ ካሴቱንም ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቁት። በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የዘፋኙንና የተጫዋቾቹን ስም ልጆቻችሁ እንዲያነቡት አድርጉ። ለጎረቤት ስታውሱም ከማን ዘንድ እንዳለ ጻፉ፤ ቤተ መጻሕፍትም የሚሠራው ይህንኑ ነው።