የሚሰማ መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ መምህር ስናነሣ ብዙዎቻችን ብቃቱን የምንመዝነው በአንደበቱ ነው። «እንዴት ያለ ተናጋሪ ነው!» እንላለን። «እንዴት ያለ ሰሚ ነው!» ሲባል ግን እምብዛም አንሰማም። የማስተማር እኩሌታው መስማት መሆኑን በዚህች አጭር ጽሑፍ አብረን እንድናስብ ወደድሁ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን ታሪክ አስታውሱ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቅዱስ ፊልጶስ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ ንባቡን ሰማ፤ ቀጥሎም የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳይሸሽግ ነገረው። ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መስማት፣ መጠየቅ፣ ከዚያም ማስተማር።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቆሙት በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። በንባብ ቤት ልጁ ከፊደል ተነሥቶ፣ በመልእክተ ዮሐንስ አልፎ እስከ ዳዊት የሚደርሰው ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ቀን አይደለም። ቀለሙን ለየኔታ ወይም ለበላይ ተማሪ ብቻውን ያሰማል፤ ከያዘው ያልፋል፣ ካልያዘው እዚያው ይከልሳል። አቡጊዳም ፊደሉን ከለመደው ተራ አውጥቶ ያቀላቅለዋልና ሀ ሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይለያል። በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ በታወቀው የቅኔ ትምህርትም ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ስሕተቱን በዚያው ያርመዋል። ይህን ስል የአብነት ትምህርት ቤት እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አለንጋው፣ ረኀቡ፣ ትርጕሙን ሳያውቁ ለረጅም ጊዜ መድገሙ፣ የሴቶች ልጆች ቍጥር ማነሱ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነገር ግን ሳይሰማ የሚውል ተማሪ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናዊው ክፍል እንምጣ። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው፤ በብዙ ቦታ ከዚህም ይበልጣል። መምህሩ የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ አንዲት ቃል ሳያስተምር ለመስማት ብቻ ቢያውለው እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ይጠይቃል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ የሚያውቀውና የማያውቀው በአንድነት ይጮኻሉ። «አንድ ለአምስት» በሚባለው ቡድንም ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ጥፋቱን በመምህራን ላይ መጫን አይገባም፤ ሸክማቸው ከባድ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንድ ቃል ማንበብ አልቻለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። በሁለተኛ ክፍል ያልተሰማ ልጅ ግን በ12ኛ ክፍል ድንገት አንባቢ ሊሆን አይችልም። በክልላችን ደግሞ በጸጥታው ችግር ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ስለ ቈዩ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ልጆች የዕውቀት ደረጃ ከበፊቱ ይልቅ ተራርቋል።

እዚሁ ፋሲሎ በማገለግልበት የሕፃናት ክፍል በመስከረም አዲስ የተመዘገበች የአራተኛ ክፍል ተማሪ አለች። መዝሙር ቀድማ ትይዛለች፤ በኅብረት ስንደግም ድምፅዋ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል። ብቻዋን እንድታነብልኝ ከጎኔ ሳስቀምጣት ግን ዝም አለች። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወርደዋለች፤ ጣቴን በ«ቀ» ላይ ባሳርፍ ግን ከሀ ጀምራ ካልቈጠረች አታውቀውም። በጉባኤው መካከል ታነብ የነበረው ገጹን ሳይሆን የጓደኞቿን ከንፈር ነበር።

እኛም የየኔታን መንገድ ተከተልን። ሕፃናቱ 48 ናቸው፤ ከወጣቶች ክፍል ስምንት ወንድሞችና እኅቶች ተመደቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ልጆች ደረሷቸው። በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ አምስት አምስት ደቂቃ ብቻውን ያነባል። ዋጋ አላስከፈለንም አልልም። የመዝሙር ልምምዱ ሰዓት አጠረ፤ ልጆቻቸው ለጥምቀት በሚገባ ባለመዘጋጀታቸው ቅር የተሰኙ ወላጆችም ነበሩ። ልጅቱ በዐቢይ ጾም መጨረሻ አጫጭር ቃላትን ማንበብ ጀመረች፤ አንቀጽ ለማንበብ ግን ገና ይቀራታል። ሁለት ልጆች ኀፍረት አሸንፏቸው ቀርተዋል፤ ቤታቸው ድረስ እየሄድን ነው።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ በደረሱበት ደረጃ እየመደበ በማስተማር ታውቋል። አስቀድሞም እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን አስነብቦ ይሰማል። እኛ ከአባቶቻችን የወረስነውን ሌላው ዓለም ሲጠቀምበት ስናይ ልንደሰት ይገባናል፤ በእጃችን ሳለ ብንተወው ግን ያሳዝናል።

እንግዲህ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት ከማስተማራችሁ በፊት አንድ ልጅ ብቻውን ስሙ። ሲሳሳት ሌሎች እንዳይስቁበት ከጉባኤው ፈቀቅ አድርጉት። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም በዕረፍታችሁ ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ አታጡም። ወላጆች ሆይ፣ ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ «እስኪ አንብብልኝ» በሉት። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ልጇ ሲያነብ የት ላይ እንደሚንተባተብ ታውቃለች፤ የሚያስፈልጋት ጆሮና ትዕግሥት ነው።

የቅዱስ ፊልጶስ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።