ሰብለ ስንት ሊትር ውሃ ይዛ ወጣች?

 

ዛሬ ስለ ወረቀትና ስለ ቀጠሮ አልጽፍም። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው የምጽፈው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ ብዙዎቻችን ከማንበባችን በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተነዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ማንኩሳና ዲማ ለእኔ እንደ ተረት አገር ነበሩ።

መምህር ከሆንኩ በኋላ በክረምት ዕረፍት ሁለቱንም ሄጄ አየሁ። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባጃጅ አለ፣ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ ሻይ ቤት አለ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ዲማ ጊዮርጊስ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ አንድ ትንሽ የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እግሩ ባዶ ነው። በሬዲዮ የማውቀው በዛብህ አፍቃሪ ብቻ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳየው ግን በዛብህ አስቀድሞ የድሃ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት፣ በራሱ ሕይወት ሳይጠየቅ የተወሰነበት ልጅ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ሳነብ ከፍቅሩ በፊት የሚታየኝ ያ ባዶ እግር ነው።

መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ የለወጠብኝ ደግሞ ስደት ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ሆኜ። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ በእግሯ መውጣቷ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እኔም በእግሬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

እዚህ የማስተምራቸው የስደተኛ ልጆች ማንኩሳን አላዩም። አንዳንዶቹ ከነጭርሱ ጎጃምን አያውቁም። በዚህ በራስ ዲካ ሙቀት ስለ ደጋ ብርድ ማስረዳት ራሱ ፈተና ነው። ታዲያ ባለፈው የሰብለን መንገድ ስተርክላቸው፣ በጋላፊ በኩል በእግሯ የገባች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ስንት ሊትር ውሃ ይዛ ወጣች?» አለችኝ። ክፍሉ ዝም አለ። ማንም አልሳቀም። አገር ቤት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም።

«ልጆቻችን አገሩን ሳያዩ መጽሐፉ አይገባቸውም» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ፤ ቦታን ማየት የሚሰጠውን እኔም አይቻለሁ። ዛሬ ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለእኛ ዝግ ነው፤ አገር ቤት ላሉትም ቢሆን በጦርነቱ ምክንያት ቀላል አይደለም። ደራሲው ራሳቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው፣ ባሕር ተሻግረው ዓመታት በእስር አሳልፈዋል። አገርን ከሩቅ ማሰብ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ልጆቻችን ዲማን ባያዩም የመጽሐፉን ግማሽ፣ መንገዱን፣ በእግራቸው አንብበውታል።

የቀረውን ግማሽ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። አገር ቤት ያላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶች፣ አጎቶች፦ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ ወይ» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። የወንዙን ስም፣ ገበያው የሚውልበትን ቀን፣ ከቤት እስከ ደብሩ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለልጆቹ ንገሯቸው። በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ ክፍል ውስጥ አሰማቸዋለሁ።