ፈቃድ ገዝቶ የጀመረው የስፔኑ አውሮፕላን ፋብሪካ

«የሰው ንድፍ ገዝቶ መሥራት ምኑ ነው ሥራ?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር «ካሳ» የተባለው የስፔን አውሮፕላን ኩባንያ ትዝ ይለኛል።

ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በማርች 1923 ሲሆን ፋብሪካው የተተከለው ከማድሪድ አጠገብ ጌታፌ ላይ ነው። መሥራቹ ሆሴ ኦርቲስ ኤቻጉዌ ወታደራዊ መሐንዲስና ከስፔን የመጀመሪያ አብራሪዎች አንዱ ነበር። በዚያ ላይ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበር። ሞሮኮ ሳለ ከባሉን ላይ ሆኖ ምድሩን ያነሳ ነበር፤ በኋላ የአገሩን ገበሬዎች፣ መነኮሳትና የጥንት ግንቦች ሲያነሳ ኖረ። ፎቶዎቹን ያጥብ የነበረው ሰጋቱራ በተቀላቀለበት ውሃ ነው። ውሃውን በእጁ ወረቀቱ ላይ ደጋግሞ ያፈሰዋል፤ ጥቁሩ ቀለም እየለቀቀ ምስሉ ቀስ በቀስ ይወጣል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው ፋብሪካ ሲተክል «የራሴን ካልነደፍኩ» ብሎ አልቸኮለም።

ከፈረንሳዮች ፈቃድ ገዝቶ ለስፔን ጦር ብሬጌ 19ን መሥራት ጀመረ። የጌታፌ ሠራተኞች ዱራሉሚን መቁረጥ፣ በሪቬት ማያያዝ፣ ክንፍ ላይ ሸራ መወጠር የተማሩት በዚህ አውሮፕላን ነው። ትምህርቱም ሩቅ አደረሳቸው። በ1933 ከዚያው ዓይነት አንዱን ከ5,000 ሊትር በላይ ነዳጅ የሚይዝ ሰልባቲዮ አስገብተው ለረጅም ጉዞ አዘጋጁትና «ኳትሮ ቪየንቶስ» አሉት። ባርቤራንና ኮያር የተባሉ መኮንኖች በጁን ወር ከሴቪያ ተነስተው፣ 40 ሰዓት ያህል ሳያርፉ አትላንቲክን አቋርጠው ኩባ፣ ካማጉዌይ ገቡ። ከቀናት በኋላ ወደ ሜክሲኮ ሲያመሩ ጠፉ። ሁለቱም አልተገኙም፤ ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

የ1936ቱ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የኩባንያውን ፋብሪካዎች በሁለት ጎራ ከፈላቸው። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና በፈቃድ የጀርመኖቹን ዩንከርስ 52 እና ሃይንከል 111 ሠሩ። ጎን ለጎን የራሳቸውን መንደፍ ሞከሩ፤ «አልኮታን» የተባለው ግን አካሉ ተሠርቶ ሞተር ማግኘት አቃተ። ብዙዎቹ ሳይበሩ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቢቆርጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

እነሱ ግን አልቆረጡም፤ በ1971 «አቪዮካር» በረረ። ጭነት ከኋላው የሚገባለት፣ አጭርና ያልተነጠፈ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ነው። የመጣውም ራሳቸው በፈቃድ የሠሯቸውን አሮጌ ዩንከርሶች ሊተካ ነው! ንድፉ የራሳቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኢንዶኔዥያ ከእነሱ ፈቃድ ገዝታ አቪዮካርን ባንዱንግ ውስጥ ማምረት ጀመረች። ቀጥሎ ሁለቱ አገሮች እኩል ተቀምጠው ሲኤን-235 የተባለውን ነደፉ፤ በ1983ም አበረሩት።

ለእኔ ከካሳ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ውቅያኖስ ከማቋረጡም ይበልጥብኛል።