ቤቱ አልጠበበም ነበር

ታናሽ ወንድሜ ከደሴ ደውሎ «ሥራ እስካገኝ አንተ ጋ ልቆይ?» ሲለኝ «ቤቱ ጠባብ ነው» አልኩት። ጠባብነቱ እውነት ነው፤ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ነው። ግን ሁለታችንም ከዚያ በጠበበ ቤት ነው ያደግነው። የከለከልኩት በበገናዬ ምክንያት ነበር።

በገና የያዝኩት ብቻዬን መኖር በከበደኝ ሰሞን ነው። ማታ በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ጭርታ ያስፈራኝ ነበር። በገናውን አቅፌ ስቀመጥ ግን ንዝረቱ በእንጨቱ አልፎ ደረቴ ውስጥ ይገባል። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያ እንደ ንብ የሚያጉተመትም ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። ጥቂት ከተንሸራተተች አውታሩ ይደርቃል። እርሷን በጥፍሬ ጫፍ እየገፋሁ ሳስተካክል ሳላውቀው ይመሻል። ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ለቀቀኝ ስል፣ ብቸኝነቱን ወደድኩት ማለቴ ነው፤ ከወደድኩት በኋላ ደግሞ ሰው እንዳይነካብኝ እጠብቀው ጀመር።

ይህን ለራሴ ጸሎት ብዬ ሰየምኩት። በገና የተመስጦ መሣሪያ ነው፣ አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው፣ ጸጥታ ይፈልጋል እያልኩ። ሁሉም ትክክል ነው። ውሸቱ እኔ በተጠቀምኩበት መንገድ ላይ ነው፤ በጾም ወራት እንኳ የምደረድረው ንስሐ ፈልጌ ሳይሆን ምሽቴ የእኔ ብቻ እንዲሆን ነበር። በገናውን ስገዛ ከዋጋው ግማሹን የላከልኝ ወንድሜ መሆኑንም ያን ጊዜ አልዘነጋሁትም። አውቄ ነው የከለከልኩት።

እርሱ አልተቀየመኝም፤ ወይም አልነገረኝም። አዲስ አበባ መጥቶ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ገባ። በሁዳዴ አንድ ማታ ደወለና «በገናውስ? እስቲ አሰማኝ» አለኝ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መቃኘት ስጀምር፣ ወዲያ ማዶ አብረውት የሚኖሩትን «አንዴ ዝም በሉ፣ ወንድሜ ነው» ሲል ሰማሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አራት ሰው በታጨቀበት ቤት ለእኔ በገና ቦታ ተገኘለት። ጣቶቼ አውታሩ ላይ ቀሩ፤ ያደረግኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በገናን ያወቁት በልጅነታቸው፣ መምህራቸው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ሰፈራቸው ገብተው ጎረቤት በሆኑ ጊዜ ነው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ለሰው አውርቼዋለሁ። ስለ ጣት አጣጣል ነበር የማወራው፤ ለጎረቤት ልጅ ስለተከፈተው ደጅ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ወንድሜ አሁን ሥራ አግኝቶ ቤት ተከራይቷል። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ እደረድርለታለሁ። ቤቱ እንዳልጠበበ ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ከእርሱ በፊት ለእናንተ መናገሬ ራሱ ከድፍረት የመጣ አይመስለኝም።