የግምት ቃላት ማዕረግ

እንግሊዝኛ ለግምት የሚያውላቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ክብራቸው ግን አንድ አይደለም። ከሁሉ በታች የሚቀመጠው «ገስ» ነው። በመካከለኛው ዘመን ከስካንዲኔቪያ ወይም ከሰሜን ጀርመን አካባቢ ሳይገባ አልቀረም ይባላል፤ የግምቱ ቃል ትውልድ ራሱ የሚነገረው በግምት ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ቾሰር «አይ ገስ» (እገምታለሁ) ማለትን አይንቅም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ብዙ እንግሊዛውያን ይህንኑ አባባል ያልተገራ የአሜሪካኖች አንደበት ምልክት አድርገው ይሳለቁበት ጀመር። ቃሉ ከእነሱው አገር በመርከብ ተሳፍሮ የሄደ መሆኑን ማን ያስታውሳቸው?

ከፍ ሲል «ሰፖዝ» አለ፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ «ከታች ማኖር» ነው። ከእሱም በላይ ካባ ደርቦ የተቀመጠው የግሪኩ «ሃይፖቴሲስ» ሲፈታ ያው «ከታች ማኖር» ሆኖ ይገኛል። በፍቺ መንታ ናቸው፤ የምርምር ገንዘብ የሚጠየቀው ግን በግሪኩ ስም ነው።

ግሪኩም ቢሆን ሁልጊዜ አልተከበረም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1713 በወጣው «ፕሪንኪፒያ» የተባለ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ፣ የስበትን መንስኤ እንዳላገኘና ሃይፖቴሲስም እንደማይፈጥር ጻፈ። በእሱ አፍ ቃሉ ማስረጃ የሌለው ፈጠራ ማለት ነበር። ያም ሆኖ «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ስለ ብርሃንና ስለ ቁስ የጠረጠረውን በጥያቄ መልክ ደርድሮታል። የጥያቄ ምልክት የተደረገበት ግምት ከግምት አይቆጠርም ብሎ ይሆናል።

«ሰርማይዝ» የፍርድ ቤት ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ክስ ማለት ነበር። «ስፔኩሌሽን» ደግሞ ከማማ ላይ ሆኖ መቃኘት ነበር፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ዋጋው ይወጣል ብሎ መግዛትንም ጨመረ።

«ኮንጀክቸር» ጥሬ ፍቺው «አንድ ላይ መጣል» ሲሆን፣ ድሮ ሕልምና ምልኪ መፍታትንም ያጠቃልል ነበር። ዛሬ ዋና መጠጊያው ሒሳብ ነው፤ ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብ ይጠራበታል፤ የማዕረግ አሰጣጡ ግን እዚያም ግራ ያጋባል። የሒሳብ ሰው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1637 ገደማ በመጽሐፍ ህዳግ ላይ የጫራት ሐሳብ፣ አንድሪው ዋይልስ ማረጋገጫዋን በ1995 እስኪያሳትም ድረስ የተረጋገጠ እውነት የሚጠራበትን «ቲዎረም» የተባለ ስም ይዛ ኖረች። ፑዋንካሬ በ1904 ያነሳውን ሐሳብ በአንጻሩ ግሪጎሪ ፔሬልማን በ2002 እና በ2003 ባወጣቸው ጽሑፎች አረጋግጦታል፤ የሒሳብ ሰዎች ግን ዛሬም «የፑዋንካሬ ኮንጀክቸር» ይሉታል።